ዊልቸርና መድን፦ ሰደቃችን ብቻውን የማይዘልቀው ጉዳይ



ጀመዓችን ሰደቃ ሲጠየቅ ወደኋላ አይልም፤ ይህን በየረመዷኑ እናየዋለን። ዊልቸር ላጣች እህት ወይም ላጣ ወንድም መዋጮ ሲጠራ ገንዘቡ በሁለት ሦስት ጁሙዓ ይሞላል፣ ወንበሩ ይገዛል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይዞራል። አላህ ከሁላችንም ይቀበለን። በዚህ ዕትም ልናነሣው የፈለግነው ግን ፎቶው ከተነሣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ነገር ነው። ባትሪው ሲደክም ማን ይከፍላል? ጎማው ሲያልቅ፣ መቆጣጠሪያው ውኃ ሲገባበት ማን ይጠየቃል? አቋማችንን ከመነሻው እንናገር፤ ዊልቸር፣ በባትሪ የሚሠራውም ጭምር፣ እንደ መድኃኒትና እንደ ቀዶ ጥገና በጤና መድን መሸፈን አለበት እንላለን።

በባትሪ የሚሠራ ታጣፊ ዊልቸር ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ አንድ ቀን ከሰሚት ወይም ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተነሥቶ ወደ ግቢ ይምጣ። በእጅ የሚገፋው ዊልቸር ክንዱ ለደከመ ሰው ያለ ገፊ አይንቀሳቀስም። ገፊ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ቀን ማለት ነው፤ ወንድም ከትምህርቱ ይቀራል፣ እናት ከሥራዋ ትቀራለች። ከባዱ የባትሪ ዊልቸር በበኩሉ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም፤ ሊፍት በሌለው ብሎክ ደረጃ ላይ ለማውጣት ሦስት አራት ሰው ይፈልጋል። ታጣፊው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ስለሚመዝን አንድ ጠንካራ ወጣት ያነሣዋል፣ ታጥፎ ከመኪና ኋላ ይገባል። ልዩነቱ ይኸው ነው። እህታችን የጠዋቱ ክፍል ላይ በሰዓቱ መገኘቷና ለዙህር መስጊድ መድረሷ በዚህ ልዩነት ላይ ቆሟል።

ቀድሞ አንድ ዝግጁ መልስ ነበር፤ «በእኛ መንገድ ላይ የባትሪ ዊልቸር የት ይሄዳል?» የሚል። አሁን ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የእግረኛ መንገድ ያየ ሰው ይህን መልስ ለመድገም ይከብደዋል። ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ኮብልስቶኑና የተከፈተው ቱቦ እንዳለ ነው፤ ይህን አንክድም። ቢሆንም ዋናው መንገድ ሲሠራ ዋናው ሰበብ ወድቋል። መንገዱ አለ፣ የሚሄድበት ወንበር የለም።

ወንበሩ የሌለው በዋጋው ምክንያት ነው። ዕቃው ከውጭ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የወንበሩም የባትሪውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ብዙዎች መፍትሔ የሚያገኙት ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ነው። (ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልን፦ በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ መሠረት ከታጣፊ ዊልቸር የሚወጣ የሊቲየም ባትሪ ከ300 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ሁለት ከሆኑ ደግሞ እያንዳንዱ ከ160 አይበልጥም። ባትሪው ተነቅሎ በእጅ ይያዛል፤ ለአየር መንገዱም አስቀድሞ ይነገራል።) ዘመድ የሌለውስ?

ከመካከላችን የአንዲትን እህት ጉዳይ በፈቃዷ እናንሣ። አባቷ ደመወዝተኛ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው ከአንድ መድን ድርጅት የሕክምና ዋስትና ገዝቷል። ሐኪሟ በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር እንደሚያስፈልጋት ጽፎ ሰጣት። ድርጅቱ የመለሰው አጭር ነበር፤ የምንሸፍነው ሕክምና ነው፣ ይህ ዕቃ ነው። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ወንበሩ ከተገዛ በኋላ አባትየው ተመልሶ ጠየቀ፤ እንግዲያው ቢሰረቅስ? እርሱን እንደ ማንኛውም ንብረት ዓረቦን ከፍላችሁ ልናስገባው እንችላለን ተባለ። ወንበሩ መድን አገኘ ማለት ነው፤ የምትቀመጥበት ልጅ አላገኘችም። ባትሪው በሁለተኛው ዓመት ሲደክም ያም ዋስትና አልጠቀማትም፤ ማርጀት ስርቆት አይደለምና። አንድ ሙሉ ሴሚስተር በክፍል ጓደኞቿ ግፊ ተማረች።

የመንግሥቱንም ጤና መድን እንመልከት። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከወጣ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል። በተግባር ሕዝቡ ጋ የደረሰው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና በኋላ አዲስ አበባን ጨምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ብዙ ቤተሰብ አድኗል፤ ለደኻው መዋጮውን መንግሥት መክፈሉም የሚመሰገን ነው። የሚሸፍነው ተመላላሽና ተኝቶ ሕክምናን፣ ወሊድን፣ ቀዶ ጥገናን፣ ምርመራንና መድኃኒትን ነው። የዓይን መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በግልጽ ውጭ ናቸው። ዊልቸር ደግሞ ከሽፋኑ ቦታ አላገኘም። እግሯ ሲሰበር መድኑ ይከፍላል፤ እግሯ አልሄድ ሲል አይከፍልም።

ሕጋችን ሐሳቡን አያውቀውም ማለት አይቻልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ከሕክምናው በተጨማሪ የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ ወጪ ይሸፍናል። መልካም ነው። ግን በፋብሪካ ማሽን እግሩን ያጣ ሰውና በልጅነቱ በፖሊዮ የተያዘ ሰው የሚያስፈልጋቸው አንድ ነው፤ አንዱ መብት አለው፣ ሌላው ሰደቃ ይጠብቃል። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድንማ ይባስ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው የካሣ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር። በመኪና የተገጨ ሰው ከተገጨ መኪና ባነሰ ዋጋ ተተምኖ እንደነበር ልብ በሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 20 የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በአቅም በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ ያዛል፤ አንቀጽ 25 በጤና መድን ላይ አድልዎን ይከለክላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የ50 ቀዳሚ አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ በባትሪ የሚሠራውን ዊልቸር አካቷል።

አንዳንድ ወንድሞች «መድን ራሱ ሐራም አይደለም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ንግዳዊውን መድን ሲከለክል፣ በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድን ፈቅዷል። ጎረቤታችን ሱዳን የመጀመሪያውን የተካፉል ኩባንያ ያቋቋመችው ከዚያም ቀድማ በ1979 ነው። በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ መስኮት የከፈቱ ኩባንያዎችም አሉ። አሠራሩ ለማንም የእድር አባል እንግዳ አይደለም፤ ሁሉም በተበሩዕ ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ከገንዳው ይወስዳል። እድር ለቀብራችን ደርሶ ለመንቀሳቀሳችን የማይደርስበት ምክንያት አይታየንም። እንግዲህ የተካፉል አቅራቢዎች ከመኪናና ከጭነት አልፈው ዊልቸርንና ባትሪውን የሚያካትት የቤተሰብ የጤና ተካፉል ያምጡልን። ሙስሊሙ ገበያ የሚጠብቃቸው «ሐላል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ያንኑ የቆየ ውል አይደለም።

ዘካስ? ለሚገባው ሰው ይበቃል። የሻፍዒይ መዝሀብ ዑለሞች ሙያ ያለው ድኻ ከዘካ የሙያውን መሣሪያ መግዣ፣ ውድ ቢሆንም፣ ይሰጠዋል ብለዋል። ለተማሪ ዊልቸር ከዚህ የራቀ አይመስለንም፤ ብይኑን ግን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። ችግሩ ያለው በመካከል ባለው ሰው ላይ ነው። የዚያች እህት አባት የዘካ ተቀባይ አይደለም፤ ወር ከወር ይደርሳል። የብዙ ወር ደመወዙን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ወንበር መግዛት ግን አይችልም። ለመደኽየት ያልደረሰውን ሰው እንዳይደኸይ የሚይዘው መድን ነው።

በታሪካችንም ይህ እንደ ችሮታ ብቻ አልታየም። ጦበሪን ጨምሮ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት የኡመውያው ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ፣ የደማስቆን ታላቅ መስጊድ ያሠራው፣ መራመድ ለማይችል ሁሉ አገልጋይ፣ ለማየት ለተሳነው ሁሉ መሪ መድቦ ነበር። የዛሬው አገልጋይ ባትሪ ያለው ወንበር ነው፤ ያውም ደመወዝ የማይጠይቅ። ዐይነ ስውሩ ሶሐባ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን እንደነበሩ፣ ረሱልም ሲወጡ መዲና ላይ ይተኳቸው እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ተረጂ ብቻ አልነበሩም።

«ለኩላሊት እጥበት ያልበቃ መድን ለዊልቸር ከየት ያመጣል?» ለሚለው፣ ቁምነገር ያለው ተቃውሞ ነውና፣ መልሳችን በደረጃ ይጀመር ነው። በመጀመሪያ በእጅ የሚገፋውና ጥገናው ይሸፈን። ቀጥሎ ክንዱም ለደከመ፣ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ለመሰከሩለት፣ የባትሪው ይሸፈን፤ ባትሪው በየጊዜው መቀየሩም አብሮ ይጻፍ። መስፈርቱ ግን በጥንቃቄ ይረቀቅ። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን ለባትሪ ዊልቸር ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ወንበሩ ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ የግድ ሲያስፈልግ ነው። ከቤት ውጭ ብቻ የሚያስፈልገው ሰው አያገኝም። በዚያ ያሉ ወገኖቻችንም ወላጆቻቸውን ይዘው ከዚህ ሕግ ጋር ይታገላሉ። ሲቀዳ እንዲህ ያለው አንቀጽ አብሮ እንዳይመጣ፤ የእኛ መስፈርት የመማሪያ ክፍሉን፣ የሥራ ቦታውንና መስጊዱን ይቁጠር።

ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የሚላክ ደብዳቤ አርቅቀናል። ክርስቲያን የክፍል ጓደኞቻችንም እንዲፈርሙበት ጠይቀናል፤ ጉዳዩ የእነርሱም ነውና። ረቂቁ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ዊልቸር የምትጠቀሙ፣ ወይም በቤታችሁ የሚጠቀም ሰው ያላችሁ፣ የሐኪም ማዘዣና ከመድን ድርጅት የተሰጣችሁ የእምቢታ ደብዳቤ ካለ ቅጂውን አያይዙልን፤ ስማችሁን ሸፍነን ከደብዳቤው ጋር እንልካለን። የባትሪ መቀየሪያው መዋጮ ሣጥን ደግሞ እስከዚያው በቦታው ይቆያል።