ከተርቦው በኋላ ያለው ቱቦ

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር በመሆኑ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዳማና በቢሾፍቱ በኩል ሽቅብ የሚመጣው ጭነት ወደ ከተማዋ የሚገባው በአብዛኛው በዚሁ ክፍለ ከተማ በኩል ነው፤ ጭነቱን የሚያመላልሱት አይሱዙዎችና ሲኖትራኮች ደግሞ ባብዛኛው ባለተርቦ የናፍጣ ሞተር ያላቸው ናቸው። ስለዚህ የጭስ ማውጫው፣ በጋራዥ ቋንቋ ማርሚታው፣ ሲበሰብስ ወይም ሲደፈን በምን ይተካ የሚለው ጥያቄ እዚህ የባለመኪናው የግል ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ከመንገዱ ዳር የሚኖረውና በእግሩ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሠራተኛ የመልሱን ውጤት በየቀኑ ይተነፍሰዋል።

ተርቦ ማለት በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ባለክንፍ መንኮራኩሮች ሲሆኑ፣ አንደኛው ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ኃይል ሲሽከረከር ሌላው ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል፤ ዘንጉም በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ይህ መሣሪያ በደጋው ላይ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም፤ ቀጭኑ አየር የነሣውን ኃይል ለሞተሩ የሚመልሰው እርሱ ነው። ተርቦው የሚዞረው ግን ከፊቱና ከኋላው ባለው የግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ ከኋላው ጠባብ ወይም የተደፈነ ቱቦ ካለ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ተርቦው ለመነሣት ይዘገያል፣ የሞተሩ ሙቀት ይጨምራል፣ በቂ አየር ያላገኘው ናፍጣም ጥቁር ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ባለተርቦ መኪና ቱቦው ሰፋ ሊልለት ይገባል የሚለው የመካኒኮች ምክር መሠረት አለው፤ በየበያጁ ከስስ ላሜራ ተጠቅልለው የሚገጠሙ ጠባብ ማርሚታዎች ጉዳታቸው እውነት ነው።

ችግሩ ከዚህ እውነት የሚወሰደው የተሳሳተ መደምደሚያ ነው። ቱቦው ይስፋ ከተባለ ካታላይዘሩም ይውጣ፣ የድምፅ ማፈኛውም ይቅር፣ ቀጥ ያለ ቧንቧ ብቻ ይግባ ይባላል። ካታላይዘር እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ የሴራሚክ ወይም የብረት አካል ሲሆን፣ ውስጡ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በቤንዚን መኪናዎች ላይ በሮዲየምም ስለተለበጠ፣ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይለውጣል፤ በቤንዚን መኪናዎች ላይ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም ይሰብራል። ሥራውን በሚገባ የሚጀምረው ሙቀቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ መሐንዲሶች ለተርቦው አቅርበው ያስቀምጡታል፤ ቦታውን ወደ ኋላ ማራቅ እንኳ ቀዝቅዞ እንዲቀር ስለሚያደርገው፣ ጨርሶ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም። በአዳዲሶቹ የናፍጣ መኪናዎች ላይ ደግሞ ጥላሸቱን የሚይዝ የደቃቅ ብናኝ ማጣሪያ ይጨመራል፤ ካታላይዘርም ሆነ ማጣሪያ ሲወጣ መኪናው በዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል። ይህን መብራት በኤሌክትሮኒክ ዘዴ አታልሎ ማጥፋት የሙያ ብቃት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝናል፤ መብራቱ ቢጠፋም ጭሱ አልጠፋምና።

ሌላው በቂ ትኩረት የማያገኘው ጉዳይ ካታላይዘሩ ለምን ተደፈነ የሚለው ነው። ካታላይዘር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሌላ ክፍል ጥፋት ሲሆን፣ የተርቦው ዘንግ መዝጊያ ዘይት ሲያሳልፍ፣ ኢንጀክተሩ ነዳጁን በጉም መልክ መርጨት ትቶ ሲያንጠባጥብ፣ ወይም ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ጎማ ሲቀደድ ጥላሸቱና ዘይቱ በካታላይዘሩ ውስጥ ይከማቻሉ። ምንጩ ሳይጠገን አዲስ ዕቃ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምንጩ ከተጠገነ ግን ነባሩ ካታላይዘር ራሱ ሊያገለግል የሚችልበት ጊዜ አለ። የዕቃው ዋጋ ለብዙ ባለንብረት ከባድ በመሆኑ፣ ከግዢ በፊት የሚደረግ ትክክለኛ ምርመራ ከሁሉ የተሻለ ቁጠባ ነው።

መተካት ግድ ከሆነ መመዘኛው ዋጋውም ድምፁም ሊሆን አይገባም፤ ዕቃው ለዚያ ሞተር መጽደቁ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 103 መሠረት የጸደቀ ምትክ ካታላይዘር፣ እንዲሁም በደንብ ቁጥር 59 የጸደቀ ምትክ የድምፅ ማፈኛ፣ በላዩ ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸ የላቲን «ኢ» ፊደልና የአጽዳቂውን አገር ቁጥር ይይዛል፤ 1 ጀርመንን፣ 3 ጣሊያንን፣ 4 ኔዘርላንድስን ያመለክታል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ እነዚህን ክፍሎች መንቀልን ሲከለክል፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ለተፈተኑ ምትክ ዕቃዎች የራሷን የፈቃድ ቁጥር ትሰጣለች። ከምልክቱ ቀጥሎ የቱቦው ስፋት ከፋብሪካው ልክ ያላነሰ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ማሰሪያ በትክክለኛው ቦታ ያለ፣ ብረቱም ከተራ ላሜራ ይልቅ ዝገት የሚቋቋም እንዲሆን መጠየቅ ይገባል፤ ከጭስ ጋር የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ማርሚታ ውስጥ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ ተራው ብረት የሚበሰብሰው ከውስጥ ነውና።

በሕግ በኩል መሠረቱ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከተንቀሳቃሽ የብክለት ምንጮች ለሚወጣ ጭስና ለድምፅም ደረጃ እንዲወጣ ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ደግሞ የተሽከርካሪ ምርመራን ይመለከታል። ቦሎ ከመለጠፉ በፊት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጭሱን በመሣሪያ ከመለካት አልፎ፣ መኪናው ሲሠራ የነበረው ካታላይዘርና ማጣሪያ ዛሬም በቦታው መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየት ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2004 ዓ.ም. ካንሰር አምጪ ብሎ ከፈረጀ ወዲህ፣ ጉዳዩ የመንገድ ጥቀርሻ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም መንገድ ላይ ያሉት ለተጨማሪ ዓመታት እየተጠገኑ እንዲሠሩ ስለሚያደርግ፣ የነገው አየር በመለዋወጫ ጥራት ላይ የበለጠ ይንጠለጠላል።

ቁጥጥሩን በየጋራዡ ከመጀመር ይልቅ ዕቃው ወደ አገር በሚገባበት ቦታ መጀመር የተሻለ ነው። ምትክ ካታላይዘርም ሆነ የድምፅ ማፈኛ የማጽደቂያ ምልክት ከሌለው የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሳይደርስ ሊቆም የሚችለው በጉምሩክ ላይ ሲሆን፣ ቃሊቲ ደግሞ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያለበት ሰፈር ነው። ብረት ላይ የተቀረጸን ፊደልና ቁጥር አንብቦ ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ለፈታሹ በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያ በቂ ነው።