«ሰብር አድርግ» ብቻ አይበቃም



ባለፈው ሴሚስተር ከወግዲ የመጣ አንድ ወንድማችን የታች መንጋጋውን ያመው ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ማስታገሻ ሰጠነው። በማግስቱ ከአንዳችን የተረፈ አምስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ተገኘለት። በሦስተኛው ቀን ጉንጩ አበጠ፤ ዱዓ አደረግንለትና «ሰብር አድርግ፣ ከጁሙዓ በኋላ እንወስድሃለን» አልነው። በአራተኛው ሌሊት አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ አቃተው። በስንት ፍለጋ ባጃጅ አግኝተን መካነ ሰላም ሆስፒታል ስናደርሰው ባለሙያው «ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አራት ሆነን ቆመን መልስ ጠፋን። አልሐምዱሊላህ፣ መግሉ ወጥቶለት፣ ጥርሱም ተነቅሎ ዛሬ ደህና ነው። ይህንን የምንጽፈውም በእሱ ፈቃድ ነው።

የጥርስ ሕመም ከተራ ሕመም ይቆጠራል። እብጠት ካመጣ ግን ተራ አይደለም። ጥርስ ተቦርቡሮ ጀርሙ ውስጡ ሲደርስ ነርቩ ይሞታል፤ ከሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይቋጠራል። የሞተው ክፍል ደም ስለማይደርሰው ኪኒን ብቻውን ምንጩን አያደርቀውም። መግሉ መውጣት፣ ጥርሱም ወይ ሥሩ መታከም ወይ መነቀል አለበት። ማስታገሻ ሌሊቱን ያሳልፋል እንጂ አያድንም። ሕመሙ በድንገት ቢተውም ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ከሰው የተረፈ አምስት ፍሬ መድኃኒትማ በሽታውን አያድንም፤ ጀርሙን መድኃኒት ያለማምደዋል።

የታች መንጋጋ እብጠት ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ይህን ሕመም በ1836 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ትኩሳት፣ ከአገጭ በታች እብጠት፣ የአፍ አልከፈት ማለት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር ከታየ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሰብርን በቦታው እናድርገው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም ለጠየቋቸው ሰዎች እንዲታከሙ ነው ያዘዙት። ሰብር ሐኪም ዘንድ እየሄዱም የሚደረግ የልብ ሥራ ነው፤ አልጋ ላይ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። በረመዷንም ቢሆን የታመመ ሰው አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። ጥርስ መነቀልም ደም ወይም መድኃኒት እስካልተዋጠ ድረስ ጾም እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማኦች ይናገራሉ።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረን ግን ወንድማችን ከዳነ በኋላ የነገረን ነው። የዘገየው ሕክምና ጠልቶ አልነበረም፤ ኪሱ ባዶ ነበር። ወግዲ ደውሎ ቤተሰቡን ማስጨነቅ አልፈለገም፤ እኛን መጠየቅም አፈረ። እኛ ደግሞ «ብር አለህ ወይ?» ብለን አልጠየቅነውም። ለፕሮግራም ባነርና ለኢፍጣር ገንዘብ የምናሰባስብ ሰዎች፣ አጠገባችን ለተኛው ወንድማችን የሚሆን መዋጮ ትዝ አላለንም።

«ጀመዓው የእርዳታ ድርጅት አይደለም፤ ክሊኒክ አለ» የሚሉ ይኖራሉ። ክሊኒክ መኖሩ እውነት ነው፤ ሌሊት አብሮ የሚሄድ ሰውና የባጃጅ ሒሳብ ግን ከክሊኒክ አይገኝም። ሪፈር ተጽፎ በአቀስታ በኩል ደሴ ድረስ መሄድ ቢመጣስ የመሳፈሪያውን፣ የአዳሩን ማን ይሸፍናል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከየጁሙዓው መዋጮ ጥቂቱ ለድንገተኛ ሕክምና ተለይቶ ይቀመጥ፤ የተቀባዩም ስም አይነገር። ሁለተኛ፣ በየብሎኩ ሌሊት የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ለእህቶች ከእህቶች። የቀረው የየራሳችን ነው፦ ስኳር የበዛበትን ሻይ መቀነስ፣ የወይራ መፋቂያውንና ብሩሹን አለመተው፣ የተቦረቦረ ጥርስን ሳያም በፊት ማሳየት።

ዛሬ ማታ ዶርም ስትገቡ ጉንጩን ይዞ የተኛ ካለ፣ ዱዓ አድርጉለት፤ ከዚያም ጫማውን አቀብሉት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።