የሦስት ሰው እንጀራ

ሦስት ዝነኛ ሶሎ ተጫዋቾችን አንድ መድረክ ላይ ማውጣት ታላቅ ትሪዮ ይወልዳል ብሎ የሚያምን የኮንሰርት አዘጋጅ ዛሬም አለ። ፖስተሩ ያምራል፣ ቲኬቱም ያልቃል። የፒያኖ፣ የቫዮሊንና የቼሎ ጥምረቶችን ታሪክ ላየ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮከቦቹ ይገናኛሉ፣ አልበም ይቀርጻሉ፣ ይለያያሉ። ሥራውን ይዘው የሚከርሙት ሌሎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1949 አርተር ሩቢንስታይን፣ ያሻ ሃይፌትዝና ግሪጎር ፒያቲጎርስኪ ቺካጎ አጠገብ በሚካሄደው የራቪኒያ ፌስቲቫል አብረው ተጫወቱ። «የሚሊዮን ዶላር ትሪዮ» የሚል ስምም ወጣላቸው። ሦስቱም በየመሣሪያቸው በዘመኑ አቻ የማይገኝላቸው ነበሩ። በፒያኒስቱና በቫዮሊኒስቱ መካከል ጠብ የገባው ግን በሙዚቃው አልነበረም፤ ማስታወቂያው ላይ የማን ስም ይቅደም በሚል ነው። ይህን ያህል ጆሮ ያላቸው ሰዎች በፊደል መጠንና በስም ቅደም ተከተል ተኳረፉ! አንባቢ ቢስቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስም እንጀራ በሆነበት ሙያ ውስጥ ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ብቻውን አዳራሽ የሚሞላ ሰው ስሙን ከሌላ ስም በታች ሲያይ ገበያው የቀነሰ ይመስለዋል።

ከእነሱ በፊት የነበሩት አልፍሬድ ኮርቶ፣ ዣክ ቲቦና ፓብሎ ካሳልስ የተሻለ ቆይተዋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ዘለቁ። ምስጢሩ ቀላል ነበር፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት ይገናኛሉ፣ በቀረው ጊዜ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል። የለያያቸውን ግን ሙዚቃ ሊጠግነው አልቻለም። ካሳልስ የፍራንኮን ስፔን ትቶ ፕራድ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ስደተኛ ሆነ። ኮርቶ በቪሺ መንግሥት ሹመት ተቀበለ፣ በጦርነቱ መሐል ጀርመን ሄዶ ተጫወተ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ አብሮ የተነፈሰ ሰው እንዲህ ሲለያይ፣ አብሮ መጫወት አብሮ ማሰብ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በ1958 ፕራድ ላይ እንደገና አብረው ተጫውተዋል። ቲቦ ግን አልነበረም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት። ሐምሌ 13 ቀን 1955 በአሜሪካ ታንግልዉድ ላይ ቦዛር ትሪዮ የተባለ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። ቫዮሊኒስቱ ዳንኤል ጊሌ የ56 ዓመት ሰው ነው፤ በቶስካኒኒ የኤንቢሲ ኦርኬስትራ የቫዮሊኖች መሪ ሆኖ ሠርቷል። ቼሊስቱ በርናርድ ግሪንሃውስ የካሳልስ ተማሪ ነበር። ፒያኒስቱ ሜናሄም ፕሬስለር ገና 31 ዓመቱ ነው። ማግደቡርግ ተወልዶ፣ ናዚዎች የአባቱን የልብስ ሱቅ ሲያወድሙ አይቶ፣ በ1939 ከቤተሰቡ ጋር አገር ጥሎ የወጣ ልጅ ነው። በ1946 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የደቡሲን ውድድር ስላሸነፈ የሶሎ መንገድ ተከፍቶለት ነበር።

ይህ ሰው ትሪዮውን አልለቀቀም። በ53 ዓመት ውስጥ አምስት ቫዮሊኒስቶችና ሦስት ቼሊስቶች አጠገቡ ተቀምጠዋል። በ1998 ሁለቱም ወንበሮች ባንድ ጊዜ ሲለወጡ ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን «በቃኝ» ይል ነበር። «ሰዎቹ ተለውጠው ስሙ ብቻ ከቀረ ያው ትሪዮ ነው ወይ?» የሚል ትችት አለ። ትችቱ መሬት ላይ የወደቀ አይደለም፤ ቢሆንም አዲስ የገባው ሰው የቀደመውን ሰው መምሰል ግዴታው እንዳልነበር ይረሳል። የተረፈው የአጨዋወት ቅጂ ሳይሆን የልምምድ ልማድ ነበር። ለመቶኛ ጊዜ የተጫወቱትን ሥራ እንደ አዲስ መፍታት።

ለዚህ ደግሞ የተለየ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቡድኑ በ1970ዎቹ የሃይድንን ትሪዮዎች ሙሉ በሙሉ ቀርጿል፤ ከአርባ በላይ ናቸው። በእነዚህ ሥራዎች ቼሎው አብዛኛውን ጊዜ የፒያኖውን ግራ እጅ ተከትሎ ያንኑ ድምፅ ይደግማል። ካሳልስ ዘንድ የተማረ ቼሊስት ለስንት ሰዓት የጓደኛውን ግራ እጅ ሲያደምቅ እንደዋለ ማሰብ ነው። ኮከብ ይህን አያደርግም፤ ቢያደርግም አንድ ምሽት ነው።

የገንዘቡ ነገርም አለ፣ ብዙ የማይወራው። የትሪዮ ክፍያ ለሦስት ይካፈላል፤ በአውሮፕላን ሲሄዱ ግን ትኬቱ አራት ነው፣ ቼሎ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋልና። ፕሬስለር ትሪዮው በተመሠረተበት በዚያው በ1955 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፣ አሥርት ዓመታትም አስተማረ። የብዙ ቡድኖች ኑሮ እንዲህ ነው፤ መድረኩን የሚያቆመው የመማሪያ ክፍሉ ደመወዝ ነው። ታዲያ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ወጣቱን ከሌት እስከ ቀን ለሶሎ ውድድር እያዘጋጁ፣ ሲመረቅ «ከሰው ጋር ሥራ» ማለታቸው ከየት የመጣ ነው? ከሰው ጋር መሥራት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ክርክርን መሸነፍ፣ የሌላውን ትንፋሽ መጠበቅ፣ የሌላውን መጥፎ ቀን መሸከም ያስፈልገዋል። ለዚህ ዋንጫ የሚሰጥ ውድድር ግን ጥቂት ነው።

ቦዛር ትሪዮ በ2008 መድረኩን ተሰናበተ። ፕሬስለር 84 ዓመቱ ነበር፤ ወደ ቤቱ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያቆየውን የሶሎ ሥራ ቀጠለ። በ2014፣ በ90 ዓመቱ፣ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። ልጅ ሆኖ የሸሸው አገር ዋና ከተማ ውስጥ፣ ብቻውን ፒያኖው ፊት ተቀምጦ።