የሰንበት ሽርሽርና የነጋዴ ቃል

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቅዳሜና እሑድን ከወዳጅ ጋር ማሳለፍ ለብዙ ሰው የተለመደ ሆኗል። አንዳንዱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በላንጋኖ ቡናማ ውሃ ይዋኛል፤ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድም ለምለም ሣርና አበባ ይዞ፥ ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና ለማቅረብ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ፥ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው።

በእነዚህ ቀኖች ግን አንዳንድ ባለ ሆቴልና ባለ ሱቅ ረቡዕ በስልክ የሰጠውን ዋጋ ቅዳሜ ማታ ሲያጥፍ ይታያል። የጓደኛሞች ጉዞ በመዋጮ የሚደረግ ስለሆነ ከመካከላቸው አንዱ ገንዘብ ያዥ ነው፤ የአልጋውን፥ የምሳውንና የቤንዚኑን ሒሳብ አስልቶ ከእያንዳንዱ ሰብስቧል። ዋጋው ሲለወጥ በወዳጆቹ ፊት የሚያፍረው፥ እንደገና አዋጡ ለማለት የሚገደደው እርሱ ነው። (እኔም በአንድ ነጋዴ ቤት መዝገብ ስለምይዝ ጭንቀቱ ይገባኛል።) ለሚቀጥለው ጉዞ ማረፊያ የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው።

ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ከፍ ማለቱን አልቃወምም፤ ለተጨማሪ ሠራተኛና ለጭነት የሚወጣ ገንዘብ አለ። ነገር ግን ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፤ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ አይነካ። ደረሰኝም አይከልከል፤ ገንዘብ ያዡ ለባልንጀሮቹ የሚያሳየው ማስረጃ እርሱ ነውና። አከፋፋዮችም የታሸገውን ውሃና ለስላሳውን መጠጥ ዓርብ ማታ ከመላክ ይልቅ ማክሰኞ ቢያደርሱ፥ ቸርቻሪው «ዕቃው በድንገት ተወዶብኝ ነው» የሚልበት ምክንያት አያገኝም።