ክንፍ ነበራቸው፣ ቀበቶ ግን አልነበራቸውም

ከውበቱ እንጀምር፡፡ እኛ የ1950ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች እንወዳቸዋለን፡፡ ፊልም ላይ ሲያልፉ አንገታችን አብሯቸው ይዞራል፡፡ ፎቷቸውን ስልካችን ላይ የለጠፍንም አለን፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አደራ እንዳታምታቱብን!)

ለማያውቃቸው ምልክታቸውን እንንገር፡፡ ዋናው ከኋላ በኩል የሚወጣው ክንፍ ነው፡፡ ነገሩን የጀመረው ካዲላክ ነው፤ በ1948፡፡ የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን አለቃ ሃርሊ ኧርልና ሰዎቹ ሐሳቡን የወሰዱት ፒ-38 ከሚባል ባለ መንታ ጅራት የጦር አውሮፕላን ነበር፡፡ መጀመሪያ ላይ ከኋላ መብራቱ በላይ ያለች ጉብታ ብቻ ነበረች፡፡ ከዚያ ፉክክሩ ጦፈ፡፡ ክራይስለር በ1957 ክንፉን ሰቀለው፡፡ ካዲላክ ደግሞ በ1959 ከሁሉም የረዘመውን ይዞ ብቅ አለ፤ በየክንፉ ላይ ጥይት የመሰሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች ተሰክተውበት፡፡ የመኪናው ርዝመት 5.7 ሜትር ገደማ! ሰፈራችን ውስጥ የት ይታጠፋል?

ሼቭሮሌት ቤል ኤርም አለላችሁ፡፡ የ1957ቱን ቤንዚን የሚቀዳ ሰው መክደኛውን ፈልጎ ያጣዋል፤ በግራው ክንፍ ጫፍ ከክሮሙ ጀርባ ተደብቋል፡፡ የ1959ኙ ክንፍ ደግሞ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግቷል፣ የኋላ መብራቱም የድመት ዓይን ይመስላል፡፡

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለሽያጭ ነዋ! ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ የመኪናውን መልክ ይቀያይሩ ነበር፡፡ የአምናውን የያዘ ሰው የጎረቤቱን የዘንድሮ መኪና ሲያይ የራሱ ያስጠላዋል፡፡ ሞተሩ ሳይደክም ባለቤቱ ይደክመዋል፡፡

እስከዚህ ድረስ ችግር የለብንም፡፡ ችግራችን አንዲት ከትልልቆቹ የምንሰማት፣ አሁን አሁን ደግሞ እኩዮቻችንም የሚደግሟት አባባል ናት፡፡ «የድሮ መኪና ብረት ነው፤ የአሁኑ ቆርቆሮ!» ቢጋጭ እንኳን እሱ አይነካም፣ የሌላውን ጨፍልቆ ያልፋል፣ ወዘተ… ወዘተ…፡፡

አንስማማም፡፡ ላዩ አምሮ ነበር፤ ውስጡን ግን ለቄስ፡፡ የመሪው ዘንግ አይታጠፍም፤ ከፊት ሲመታ እንደ ጦር ወደ ሾፌሩ ደረት ይመጣል፡፡ ክሩስኮቱ ብረት ነው፣ ቁልፎቹም ወደ ውጭ የሾሉ፡፡ ቀበቶ በአብዛኞቹ ላይ የለም፡፡ ፎርድ በ1956 ቀበቶና ስፖንጅ ያለው ክሩስኮት እንደ ተጨማሪ ዕቃ አቅርቦ ደህንነትን ማስታወቂያው ላይ አውጥቶት ነበር፡፡ በዚያ ዓመት ሼቭሮሌት በሽያጭ ሲበልጠው «ደህንነት አይሸጥም» የምትል አባባል በመኪና ሰሪዎቹ ሰፈር እንደ ተረት ቀረች፡፡

ተረቷን የነካካው አንድ የ31 ዓመት ጠበቃ ነው፡፡ ራልፍ ኔደር በ1965 «በየትኛውም ፍጥነት አደገኛ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፡፡ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌር ላይ መደፍደፍ ይብቃ፣ መኪናውም ይጠየቅ ነበር ያለው፡፡ ጄኔራል ሞተርስ ምን አደረገ? የግል መርማሪ ቀጥሮ አስከተለበት፡፡ ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በመጋቢት 1966 ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፡፡ በመስከረም ወር ፕሬዚዳንት ጆንሰን የተሽከርካሪ ደህንነት ሕጉን ፈረሙ፡፡ ከ1968 መግቢያ ጀምሮ ቀበቶ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ግዴታ ሆነ፡፡

«ብረት ነው» ለሚሉን ደግሞ ማስረጃ አለን፡፡ በ2009 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ያንን ባለ ድመት ዓይን የ1959 ቤል ኤር ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር አጋጨው፡፡ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፊት ለፊት፡፡ የአሮጌው መኪና የሾፌር ክፍል ተጨማደደ፣ መሪው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ውስጡ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር፡፡ የማሊቡው ሾፌር? እግሩን ይጎዳ ነበር፣ በቃ፡፡ አንዳንድ ወዳጆች «ሞተሩን አውጥተውት ነው» ብለው ተከራከሩ፡፡ ሞተሩ ነበረ፡፡

ምስጢሩ ቀላል ነው፡፡ አዲሱ መኪና አፍንጫው የሚጨማደደው ሆን ተብሎ ነው፤ የግጭቱን ኃይል ይበላዋል፣ ሰው ያለበት ክፍል ግን ጸንቶ ይቆያል፡፡ እኛ «ቆርቆሮ» እያልን የምንንቀው ያ መጨማደድ ነው ሰውን የሚያተርፈው፡፡ በ1966 አሜሪካ ውስጥ መኪኖች በተጓዙት በየ100 ሚሊዮን ማይሉ 5.5 ያህል ሰው ይሞት ነበር፡፡ በቅርብ ዓመታት 1.3 ገደማ ሆኗል፡፡ በእርግጥ መንገዱም አምቡላንሱም ተሻሽሏል፤ ሁሉን ለመኪናው አንሰጥም፡፡ ግን ድርሻው ትንሽ አይደለም፡፡

«ውበቱን የገደለው ሕጉ ነው» የሚሉም አይጠፉም፡፡ ይህም አያስኬድም፡፡ ካዲላክ ክንፉን የጣለው በ1965 ሞዴሉ ነው፤ ሕጉ ገና ሳይወጣ፡፡ ክንፉን የቆረጠው ያው ያበቀለው ፋሽን ነው፡፡

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ክንፉ ስሙን ቀይሮ አጠገባችን አለ እኮ! የዘንድሮ ክንፍ ስክሪን ነው፡፡ ጓደኛችን መኪና ሊገዛ ሲል ስንት ኢንች ስክሪን እንዳለው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ጣሪያው መስታወት መሆን አለመሆኑን እንጠይቃለን፡፡ ኤርባጉ ስንት ነው? የኋላ ወንበር ቀበቶው ይሠራል ወይስ ከወንበሩ ሥር ተቀብሯል? በግጭት ሙከራ ስንት አገኘ? ይህንን የሚጠይቅ ሰው እንደ ፈሪ ይታያል፡፡

እኛ ግን ፈሪ ተብለንም ቢሆን እንጠይቃለን፡፡ ገዢው ካልጠየቀ ሻጩ «ደህንነት አይሸጥም» ማለቱን አይተውም፡፡ የ1959ኙን ካዲላክ ሙዚየም ውስጥ ብናገኘው ዙሪያውን ዞረን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ክንፉን ዳስሰን አንጠግበውም፡፡ ወደ ቤት የምንሄደው ግን ቀበቶ ባለው መኪና ነው፡፡