ስድስቱ ጫፎች ስም ይኑራቸው

እንደሚታወቀው በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ወፍጮ ቤቶችና የእንጨት መሰንጠቂያዎች ጉልበት የሚያገኙት ከባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ለአዲስ ሞተር አቅም ያጠረው ባለ ወፍጮ ያገለገለ ወይም ዳግመኛ የተጠቀለለ ይገዛል። ሞተሩ ግን አንዳንድ ጊዜ የመግለጫ ሰሌዳው ወድቆ፣ ስድስት ስም የለሽ ሽቦዎች አንጠልጥሎ ይመጣል። «ሞክረን እናያለን» የሚለው ልማድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን።

ምክንያታችን ቀላል ሒሳብ ነው። የየጥቅሉ ሁለት ጫፎች ተለይተው እንኳ መነሻና መድረሻቸው ካልታወቀ፣ በግምት የተቀጠለ ሞተር ትክክል የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ብቻ ነው። አንዱ ጥቅል ከተገለበጠ ሞተሩ ያጓራል፣ ከመጠን ያለፈ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፤ ፈጥኖ ካልጠፋም ይቃጠላል። መለየት እየተቻለ መገመት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

መለየቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተሩ ከመስመር ተነጥሎ፣ በኦም መለኪያ ሦስቱ ጥንዶች ይገኛሉ፤ የሦስቱም ሬዚስታንስ ተቀራራቢ መሆን አለበት። በየትኛውም ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ግንኙነት ከተገኘ ሞተሩ ወደ ጥገና ይመለስ። ከዚያም ባለ መርፌ መለኪያ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ተይዞ፣ የባትሪ ድንጋይ በአንደኛው ጥቅል ላይ ለቅጽበት ይገናኛል። ሲገናኝ መርፌው ወደ ፊት ከዘለለ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ እና የመለኪያው ኔጋቲቭ የነኳቸው ጫፎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም መነሻ ይባሉ። ወደ ኋላ ከዘለለ ተቃራኒው ነው። ባትሪው ሳይነሣ ሦስተኛውም በዚሁ መንገድ ይፈተናል። ባትሪው ሲላቀቅ ጥቅሉ ስለሚነዝር ባዶ ሽቦ በእጅ አይያዝ።

ይሁን እንጂ ይህ ፍተሻ የማይነግረን አንድ ነገር አለ፤ ጥቅሉ ለስንት ቮልት እንደ ተሠራ። በአገራችን የሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ነው። 220/380 የተባለ ሞተር በዚህ መስመር በስታር፣ 380/660 የተባለው ደግሞ በዴልታ ይቀጠላል። የመጀመሪያው በስሕተት በዴልታ ቢቀጠል እያንዳንዱ ጥቅል ከተሠራበት 1.73 እጥፍ ቮልቴጅ ይሸከማል። ሁለተኛው በስታር ቢቀጠል ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርድና ጭነት ሲያዝ ይግላል። ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ሞተሩን የጠቀለለው ባለሙያ ነው፤ ሳይጽፈው ከቀረ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

የመልክዓ ምድራችን ጠባይም ጥንቃቄውን ያጠብቀዋል። ሞተሮች በተለመደው ደረጃ የሚሠሩት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ፣ በቆላ ስሕተትን ለጥቂት ጊዜ የሚታገሥ ሞተር በጉና ግርጌ ቶሎ ይነዳል። የወፍጮው ሞተር ሲቃጠል ደግሞ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ እናቶችና ልጆች እህል ተሸክመው ወደ ሌላ ቀበሌ ይጓዛሉ።

ደብረ ታቦር ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚሁ ጋፋት ነው። ነገር ግን የውጭዎቹ ባለሙያዎች ሲሄዱ የጋፋት ሥራ አብሮ ቆመ። ተጽፎ ያልተላለፈ ሙያ ዕድሜው የባለሙያው ቆይታ ያህል ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ሞተር ጠቅላዮች በስድስቱ ጫፎች ላይ ዩ1፣ ዩ2፣ ቪ1፣ ቪ2፣ ደብልዩ1፣ ደብልዩ2 የሚል ምልክት አስረው፣ ቮልቱንና የቅጠላውን ዓይነት በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፉ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ተማሪዎቻቸውን ከስታርና ዴልታ ሥዕል በፊት ስም የለሽ ሞተር ሰጥተው ይፈትኑ። ገዥም ምልክት የሌለውን ሞተር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት እንዲለይለት ይጠይቅ።