ከተወሰነ ለምን እንጸልያለን?

«እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ከወሰነ የእኛ ጸሎት ምን ይጨምራል?» የሚለው ጥያቄ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ልጅ ሲጠብቁ ዓመታት ባለፉባቸው ባልና ሚስት ቤትም ይነሣል። «እሱ ካለ ይሰጠናል» ይባልና አብሮ መንበርከኩ ቀስ በቀስ ይቀራል። ንግግሩ እምነት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የደከመ ልብ ንግግር ነው።

እስቲ ወደ ይስሐቅ ቤት እንግባ። እንደ እርሱ ነገሩ የተቈረጠለት ባል ማን አለ? የአብርሃም ዘር በእርሱ እንደሚጠራ እግዚአብሔር ገና በልጅነቱ ተናግሮለታል (ዘፍ. 21፥12)። ርብቃን በ40 ዓመቱ አገባ፤ እርሷም መካን ነበረች። ታዲያ ይስሐቅ «ተስፋውን የሰጠው ያውቃል» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በአባቱ ቤት እንደ ሆነውም በገረድ በኩል ልጅ አልፈለገም። ስለ ሚስቱ ጸለየ (ዘፍ. 25፥21)። መንታዎቹ ሲወለዱ 60 ዓመቱ ነበር። ሃያውን ዓመት ሙሉ ጸልዮ እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም፤ መጠበቁን ግን ይነግረናል።

ልብ በሉ፤ ልጁን የወሰነው አምላክ ልጁ የሚመጣበትንም መንገድ ወስኗል። መንገዱ የባል ጸሎት ነበረ። መከርን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው ብሎ የሚያምን ገበሬ መዝራቱን መቼ ተወ?

ስለ አስቀድሞ መወሰን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አንድ ዓይነት አያስተምሩም። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ስሙ የሚነሣው ዮሐንስ ካልቪን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1559 ባወጣው የዋና መጽሐፉ የመጨረሻ እትም፣ ስለ ምርጫ ከመጻፉ በፊት ስለ ጸሎት እጅግ ረጅም ምዕራፍ ጽፏል። ጌታም አባታችን የሚያስፈልገንን ሳንለምነው እንደሚያውቅ ከተናገረ በኋላ፣ ወዲያው እንዴት እንደምንጸልይ አስተማረን (ማቴ. 6፥8-9)። ማወቁ እንድንቀርበው ያደፋፍረናል እንጂ ዝም አያሰኘንም።

እርግጥ ነው፣ እንደ ይስሐቅ ያለ የልጅ ተስፋ ለእያንዳንዱ ባለትዳር አልተሰጠም። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ብዙዎችን እናቈስላለን። በጌቴሴማኒ ጌታችን ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም፤ የሚያበረታው መልአክ ግን ከሰማይ ታየው (ሉቃ. 22፥43)።

ባሎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ የባለቤታችሁን ስም ጠርታችሁ፣ እርሷ እየሰማች ጸልዩላት። ሐኪም ዘንድ መሄድም እምነት ማጣት አይደለም። ስትሄዱ ግን ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ምርመራውን ለእርሷ ብቻ አትተዉላት።